ካፊያ፣ ዶፍና በረዶ፦ የስምጥ ሸለቆው ዝናብ ታሪክ

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዳማ (ናዝሬት) ተነስቶ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጉዞ ውስጥ የተለያየ ሰማይ ሊገጥመው ይችላል። አዳማ ላይ ፀሐይና አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ነው። ጥቂት እልፍ ሲል ከደመናው ሆድ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይነካ የሚጠፋ ዝናብ ያያል። ዳገቱን ሲያጋምስ ዶፍ ይቀበለዋል። ከአሰላ በላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ደግሞ በዚያው ሰዓት የገብስ ማሳው በበረዶ ነጥቶበት ይሆናል። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደመናውም ከሩቅ ለሚያየው አንድ ወጥ ይመስላል። ታዲያ ለአንዱ ካፊያ፣ ለሌላው ዶፍ፣ ለሦስተኛው በረዶ፣ ለአራተኛው ደግሞ ባዶ ነፋስ የደረሰው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በሦስተኛው የሂጅራ ምእተ ዓመት በባግዳድ የኖረው ፈላስፋ ያዕቆብ ኢብን ኢስሐቅ አል-ኪንዲ ይህንኑ ጉዳይ ለብቻው አንስቶ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፎበታል። ርዕሱም አንዳንድ ስፍራዎች ዝናብ አይጥልባቸውም ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ የሚደርቁበትን ምክንያት የሚጠይቅ ነው። አል-ኪንዲ መልሱን የፈለገው በፀሐይ ሙቀት፣ በነፋስ አካሄድና በመሬት አቀማመጥ ውስጥ ነበር። ዛሬ የምናውቃቸው መሣሪያዎች አንዳቸውም በእጁ አልነበሩም፤ ቴርሞሜትር እንኳ እስኪፈጠር ገና ሰባት መቶ ዓመት ይቀረው ነበር። ይሁንና ጥያቄውን የያዘበት መንገድ ትክክለኛ ነው እላለሁ። «ዝናብ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ሲዘንብ እዚህ ለምን ቀረ?» ማለት ግን ሌላ ነው። ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ ያለ ገበሬ በየዓመቱ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

ከአል-ኪንዲ በፊት የግሪኩ አሪስጣጣሊስ ስለ ሰማይ ክስተቶች የጻፈው መጽሐፍ በያሕያ ኢብን አል-ቢጥሪቅ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ ነበር። ሙስሊም ሊቃውንት መጽሐፉን ተቀበሉ፤ ግን ተቀብለው አልተቀመጡም። በ428 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው ኢብን ሲና «አሽ-ሺፋእ» በተባለው ሰፊ ሥራው ስለ ደመናና ስለ ዝናብ ሲጽፍ፣ ከመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ ሳይሆን ከተራራ ላይ ሆኖ ከበታቹ ያለውን ደመና በዓይኑ ያየውን ጭምር አስፍሯል። ከእርሱ በኋላ በ14ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መባቻ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ የኢብን አል-ሀይሠምን የብርሃን ጥናት መሠረት አድርጎ፣ በውሃ የተሞላ የብርጭቆ ኳስ ወስዶ እንደ አንዲት የዝናብ ጠብታ ቆጠራት። ብርሃን በኳሷ ውስጥ ገብቶ ሲታጠፍ፣ ተመልሶ ሲወጣ ተከታትሎ የቀስተ ደመናን አሠራር አብራራ። በዚያው ዘመን በጀርመን አገር ቴዎዶሪክ የተባለ መነኩሴ ከዚሁ ድምዳሜ ደርሷል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ ማለት ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢ እዚህ ላይ ሱረቱ-ን-ኑርን ማስታወሱ አይቀርም። የሱራው 43ኛ አንቀጽ ደመና መነዳቱን፣ መገጣጠሙን፣ መደራረቡን፣ ዝናብ ከመካከሉ መውጣቱን፣ በረዶም አንዱን አግኝቶ ሌላውን መዝለሉን ይጠቅሳል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነስተው የፊዚክስ ትምህርት ሊያወጡ ይጥራሉ። እኔ በበኩሌ ይህ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የሣይንስ አባባል ዛሬ ተነግሮ ነገ ሊታረም ይችላል፤ አንቀጹ የሚጠራን ደግሞ እንድናይና እንድናስተውል ነው። ለማየት ያህል ወደ ደመናው ውስጥ እንግባ።

ደመና እንፋሎት አይደለም፤ እንፋሎት በዓይን አይታይም። ደመና የደቃቅ ውሃ ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። እርጥበት ያዘለ አየር ተራራ ገፍቶት ወይም ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አንስቶት ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በቂ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በአየሩ ውስጥ በሚንሳፈፍ የአቧራ፣ የጭስ ወይም የባሕር ጨው ብናኝ ላይ ተጣብቆ ውሃ ይሆናል። የአንዱ ነጠብጣብ ስፋት የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ነጠብጣብ በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ ትንሽ ሽውታ እንኳ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ውሎ ጠብ ሳይል የሚመሽበት ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ተራ የዝናብ ጠብታ እንድትፈጠር አንድ ሚሊዮን ያህል ነጠብጣቦች መዋሐድ አለባቸው።

ታዲያ እንዴት ይዋሐዳሉ? አንደኛው መንገድ ግጭት ነው። ጥቂት ተለቅ ያሉት ነጠብጣቦች ፈጠን ብለው ሲወርዱ ትናንሾቹን እየገጩ ይውጧቸዋል። ደመናው ስስ ከሆነ ጠብታዎቹ ብዙ ሳያድጉ ከሥሩ ይወጣሉ፤ ስፋታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። እኛ ካፊያ የምንለው ይህንን ነው። ደመናው ወፍራም ሲሆን፣ በተለይ እንደ እኛ ባለ ሞቃት የምድር ክፍል፣ በዚሁ መንገድ ብቻ ደህና ዝናብ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ግን በበረዶ በኩል ነው፤ የዚህኛው ታሪክ ደግሞ ረዘም ያለ ነው። ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል ተብለን ተምረናል። የደመና ነጠብጣብ ግን የሚረጋበት መነሻ ብናኝ ካላገኘ ከዜሮ በታች 20፣ 30 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ወደ 40 ሲደርስ ነው የግድ የሚረጋው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶር ቤርየሮን የተባለ ስዊድናዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ አቅራቢያ ለዕረፍት በነበረበት ወቅት በጥድ ጫካ ውስጥ ባለ መንገድ ይመላለስ ነበር። ብርዱ ሲበረታ ዛፎቹ አመዳይ ለብሰው በጉም መካከል መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ብርዱ ላላ ሲልና አመዳይ ሲጠፋ ደግሞ ጉሙ እስከ መሬት ይሞላዋል። ከዚህ ተነስቶ በቅርንጫፎቹ ላይ ያለው በረዶ የጉሙን እርጥበት እየሳበ እንደሚያደርቀው ተረዳ። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ነገሩን በ1911 ጠቁሞት ነበር፤ ቤርየሮን በ1930ዎቹ ወደ ዝናብ ትምህርት አደረሰው። እንዲህ ነው፦ ከዜሮ በታች በሆነ ደመና ውስጥ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ከብዙ ፈሳሽ ነጠብጣቦች ጋር ስትገናኝ፣ እንፋሎት በረዶ ላይ ይበልጥ ስለሚያርፍ ነጠብጣቦቹ እየተነኑ እሷ ትወፍራለች። በደቂቃዎች ውስጥ ትከብድና መውረድ ትጀምራለች። ከታች ያለው አየር ሞቃት ከሆነ ትቀልጣለች። በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እያሰማ አዳማ ላይ ከሚወርደው ዶፍ አብዛኛው ጉዞውን የጀመረው በረዶ ሆኖ ነው ማለት ነው!

መሬት ላይ የሚደርሰው በረዶስ? እርሱ ኃይለኛ ወደ ላይ የሚነፍስ አየር ይፈልጋል። የበረዶ ቅንጣቷ ልትወርድ ስትል ነፋሱ መልሶ ያነሳታል፤ ያልረጉት ነጠብጣቦች ይለጠፉባትና ይረጋሉ። እየተደራረበች እንደ ሽንኩርት ልባስ በልባስ ትሆናለች። ለሁለት ተሰንጥቆ የታየ ትልቅ በረዶ አንዱ ቀለበት ነጭ፣ ሌላው ጥርት ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይጥላታል። ጤዛ ግን ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ ውጭ ነው። ብዙ ሰው ጤዛ «ወረደ» ይላል፤ ሆኖም ሐኪሙ ዊልያም ዌልስ በ1814 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ጤዛ የትም አይወርድም፤ ሌሊት በቀዘቀዘ ሣርና ቅጠል ላይ እዚያው የሚፈጠር ነው።

የጠብታን መጠን በመለካት በኩል ዊልሰን ቤንትሊ የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ የሠራው ሥራ በጣም ደስ ይለኛል። በሳሕን ዱቄት ነፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ዝናብ ላይ ያወጣዋል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ዱቄቱን ጠቅልላ ትንሽ የሊጥ ፍሬ ትሆናለች፤ ሲደርቅ ፍሬዎቹን ይለካቸዋል። በ1904 ባሳተመው ጽሑፍ ትልልቆቹ ጠብታዎች ከስድስት ሚሊ ሜትር ብዙም እንደማያልፉ አሳየ፤ ከዚያ በላይ የሚሆኑት በመንገድ ይሰበራሉና። የተወሰነው ዝናብ ከቀለጠ በረዶ የሚመጣ መሆኑንም ከቤርየሮን በፊት ጠርጥሮ ነበር። አንድ ጭብጥ ዱቄትና አንድ ሳሕን ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህንን ሙከራ ከልጆቹ ጋር በግቢው ሊያደርገው ይችላል፤ የካፊያን ቀንና የዶፍን ቀን ለይቶ ማወዳደር ነው።

አሁን ወደ አሰላው መንገድ እንመለስ። በአገራችን የክረምት ሰማይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። የጭላሎ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወደዚያ መሥመር ይጠጋል። በ3,000 ሜትር ላይ ያለ የገብስ ማሳ ከመሥመሩ የሚርቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረዶው ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። አዳማ ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ያው በረዶ ሦስት ኪሎ ሜትር ሞቃት አየር ሰንጥቆ መምጣት አለበት፤ ከአተር የማይበልጠው ሁሉ ቀልጦ ውሃ ይሆናል። መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። እንግዲህ በረዶ፣ ዶፍና ካፊያ ብለን የለየናቸው ነገሮች ልዩነታቸው የደመናው ብቻ አይደለም፤ ከደመናው በታች ያለው መንገድ ርዝመትና ሙቀትም ነው።

መንገዱ ደረቅ ሲሆን የሚመጣው ነገር የባሰ ነው። ካፊያ የሚያህል ጠብታ በደረቅ አየር ውስጥ ጥቂት መቶ ሜትር ሳይወርድ ተኖ ያልቃል። ከደመናው ተንጠልጥሎ የሚታየው መጋረጃ ይህ ነው። ውሃ ሲተን ደግሞ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ እንስራ ውሃ እያላበ በበጋ ሐሩር እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወረወርና በየአቅጣጫው ይበተናል። የአዳማና የመቂ ሰው ዝናብ መጣ ብሎ እህሉንና ልብሱን ሲያስገባ አቧራ አንስቶ፣ በርና መስኮት አንኳኩቶ የሚያልፈው ቀዝቃዛ ነፋስ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ዝናቡ አልቀረም፤ ነፋስ ሆኖ መጣ።

ሸለቆው ለምን እንዲህ ደረቀ ለሚለው የአል-ኪንዲ ጥያቄ መልሱ በተራሮቹ ላይ ነው። በክረምት ዋናው እርጥበት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ከፍተኛውን ምድር ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዚያ ይጥላል። የተረፈው አየር ወደ ሸለቆው ሲወርድ ይጨመቃል፣ ይሞቃል፤ ደመናውም ይሟሟል። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ ያሞቀችው አየር በሁለቱም ወገን የሸለቆውን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ደመናው በአርሲና በጉራጌ ተራሮች ጫፍ ተሰልፎ ሳለ ከዝዋይ ሐይቅ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ይውላል። በአሰላ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ በአዳማ 800፣ በመልካሳ 760፣ በመተሐራ ደግሞ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንጻሩ የሸለቆው ፀሐይ ከሐይቆቹ ላይ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ውሃ ታተናለች። በወንዞች ባይደገፉ ኖሮ ሐይቆቹ አይኖሩም ነበር።

ይህ ሚዛን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በርትቶ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ሆነው፣ ሞልቶ የተረፈው ውሃ ወደ ሰሜን ወደ አዋሽ ይፈስስ እንደነበር የድሮው የሐይቅ ዳር ደለልና ቀንድ አውጣዎቹ ይመሰክራሉ። ከዚያም በፊት በነበረው የበረዶ ዘመን በባሌና በአርሲ ባዳ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር።

ዝናባችንን ለመለካት የመጀመሪያዎቹ እኛ አልነበርንም። እ.ኤ.አ. በ861 (247 ዓ.ሂ.) በዐባሲያው ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን በካይሮ የሮዳ ደሴት ላይ የቆመው የዓባይ መለኪያ ዓምድ በእርግጥ የሚለካው የኢትዮጵያን ደጋ ክረምት ነበር፤ የግብጽ ግብርም የሚወሰነው በዚያ ልኬት ነበር። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚቀር ዳር ሆኖ የሚለካለት ሱልጣን አላገኘም። የስምጥ ሸለቆው ዝናብ በመሣሪያ መለካት የጀመረው በ19ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው፤ በአገሪቱ ከተተከሉት የመጀመሪያዎቹ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች አንዱ በሚስዮናውያን አማካይነት በአዳሚ ቱሉ የቆመው ነበር። ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ በአዋጅ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል።

የዓመቱ ድምር ብቻውን ግን ያታልላል። ጤፍና ቦሎቄ ለዘራ ሰው ሃምሳ ሚሊ ሜትር በአሥር ቀን ቀስ ብሎ ሲሰርግ በረከት ነው፤ ያው ሃምሳ ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ከወረደ አፈር ጠራጊ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጠብታ በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ያህል እየተወረወረ ይመጣል፤ የለሰለሰውን አፈር ይፈነቅላል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ መስረግ አቅቶት ጎርፍ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቅ በደለል የተጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። አዳማም በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ስለሆነች ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ከተማው ውስጥ ሳይዘንብ እንኳ ይደርስባታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት በሸለቆው ሌላ ጫፍ በድሬዳዋ የሆነውን እናውቃለን። ዶፉ በአብዛኛው የወረደው ከከተማይቱ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረቁ አሸዋማ ወንዝ ሞልቶ መጣ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በተቃራኒው በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ቀርቶ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ድርቅ ሲበረታ ዝናብ ለምነው፣ ለሳምንት ሳያባራ ዘንቦ ቤት እስኪያፈርስ ሲደርስ ደግሞ ዝናቡ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሸለቆውና ወደ ዛፎች ሥር እንዲሆን መለመናቸው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ሰላተል-ኢስቲስቃእ የሚሰግድ ሰው ይህኛውን ሁለተኛ ክፍልም ቢያስታውስ መልካም ነው። ከ1946 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች በደመና ላይ ብናኝ በመርጨት ዝናብ ለማብዛት ሞክረዋል፤ በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. ሙከራው መጀመሩ ተነግሯል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ለመዝነብ የደረሰን ደመና ሊያግዝ ይችል እንደሆነ እንጂ ከጥርት ሰማይ ደመና አይፈጥርም።

ለሸለቆው ቤተሰብ ይበልጥ የሚቀርበው ጣራው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በአዳማ ሃምሳ ካሬ ሜትር የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣራ በዓመት 40,000 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ ገሚሱ እንኳ ቢያዝ ቀላል አይደለም። ይህ ቁጥር በስምጥ ሸለቆ የተለየ ትርጉም አለው። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ስለሚያልፍ በብዙ ስፍራ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚበልጥ ፍሎራይድ ይይዛል። በወንጂና በሌሎች የሸለቆው መንደሮች የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ለረጅም ዓመታት በተጠጣ ጊዜም አጥንትን የሚያጎብጠው ይህ ነው። ውሃው ግን ሲተን ፍሎራይዱን እዚያው ትቶት ስለሚነሳ የዝናብ ውሃ ከዚህ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ያንን ማፍሰስ፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በንጹሕና ክዳን ባለው በርሜል ወይም ታንከር መያዝ፣ ለመጠጥ ሲሆንም ማፍላት ያስፈልጋል።